«ለጀማሪ ይበቃል»

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሰው ቤት ለቡና ስትጠሩ ሳሎኑን ልብ ብላችሁ እዩት። የምርቃት ፎቶ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ሶፋው ላይ ዳንቴል አለ። ብዙ ቤት ደግሞ ጥግ ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አንድ ጊታር ቆሟል። አቧራ ለብሷል፣ ከስድስቱ ክሮች አንዱ ተበጥሷል። የማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ባለቤቱ ትንሽ ያፍርና «ልማር ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም» ይላል።

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ «አልሆነልኝም» የምትለዋ ቃል ናት። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ብያታለሁ። ዛሬ ግን ተከሳሹ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙም «ለጀማሪ ይበቃል» ይባላል።

ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ ሻጭ ነው። ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ደሞዜን ይዤ ሱቅ ገባሁ። ስለ ጊታር የማውቀው ስድስት ክር እንዳለው ብቻ ነበር። ሻጩ ከተደረደሩት አንዱን አወረደና «ወንድሜ፣ ለጀማሪ ይበቃል» አለኝ። ምን ብዬ ልከራከር? ጀማሪ ነኛ! ከመገናኛ ወደ ሰሚት በሚሄድ ታክሲ ጊታሩን እግሮቼ መሃል አቁሜ ስሄድ ረዳቱ «ጊታሩም ይከፍላል» ብሎ ሰውን አሳቀ። ደስ ብሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር የሚያስቅ አይደለም። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ዩቲዩብ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ክሩን ነካ ሲያደርገው ይጮኻል፤ እኔ በሙሉ ኃይሌ ተጭኜው «ጥዝ» ይላል። ኤፍ የሚባለውን ኮርድ፣ በአንድ ጣት ስድስቱንም ክር የሚጫኑበትን፣ አንድም ቀን አላሰማሁትም። የጣቶቼ ጫፍ ቆሰለ፤ እሱስ ይሁን፣ የሚጠበቅ ነው አሉ። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋና የእጅ አንጓዬ ግን ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ሳይቀር ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ጣቴ አጭር ነው አልኩ። ቀጥሎ ጆሮ የለኝም አልኩ። በመጨረሻ ሁሉንም የሚጠቀልል ቃል አገኘሁ፦ ተሰጥኦ። የለኝም፣ በቃ። ጊታሩም ጥግ ያዘ።

አራት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ የብሎካችን ጎረቤት፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ የውሃ ፓምፕ መዋጮ ሊሰበስቡ መጡ። በወጣትነታቸው ሆቴል ውስጥ በሚሠራ ባንድ ጊታር ተጫውተዋል። ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም ነበር። ገንዘቡን እስካመጣ ጊታሩን ከጥግ አንስተው ቃኙትና ኤፍን ያዙ። ፊታቸው ተጨማደደ። ጊታሩን ወደ ዓይናቸው አቅርበው አናጢ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን ቃኙት።

«ልጄ፣ በዚህ ነው የተማርከው?»

«አልተማርኩም፣ ጋሼ። ሞክሬ አልሆነልኝም።»

«እኔም በዚህ ኤፍ መያዝ አልችልም» አሉኝ።

በማግሥቱ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው መጡ። ክሮቹን አላሉ፤ ከታች በኩል ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ ነቅለው፣ ሥሯን ጠረጴዛዬ ላይ በተዘረጋው ብርጭቆ ወረቀት ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ፈገፈጓት። መለካት፣ መመለስ፣ እንደገና መፈግፈግ። ሁለት ስኒ ቡና ሳናልቅ ተጠናቀቀ። ከዚያ ጊታሩን ሰጡኝ። ኤፍን ያዝኩ። አላማረም፤ ግን ተሰማ። ስድስቱም ክር ተሰማ።

ደስ ይለኛል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የተሰማኝ ንዴት ነው። ለአራት ዓመት ራሴ ላይ የፈረድኩት ፍርድ ዋጋው አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነበር።

*

ክርክሬ ይህ ነው፦ ጥሩ መሣሪያ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለጀማሪ ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ጥሩው ለሚችል ሰው ይቀመጣል፣ የተጣመመው ለሚማር ልጅ ይሰጣል።

ለምን እንደተገለበጠ በሙያዬ ላስረዳ። ኮድ ጽፌ አልሠራ ሲል ሁለት ጥርጣሬ ይኖረኛል፦ ወይ ኮዱ ተሳስቷል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ላይ ችግር አለ። ዓመታት ስለሠራሁ ሁለቱን መለየት እችላለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን አይችልም። ሁልጊዜ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ይላል። ትምህርት ቤት ሳለን ፕሮግራሚንግ ፈተና በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ስንጽፍ፣ ላብ ገብተን ደግሞ ግማሹ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል፣ ስንት ጎበዝ ልጅ «ኮዲንግ የኔ ነገር አይደለም» ብሎ እንደቀረ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ የኔ ነገር አይደለም ያለ አንድም አልነበረም።

ጊታርም እንዲሁ ነው። ጋሼ ያን ጊታር በአንድ ደቂቃ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ያሉት እጃቸው ልክ የሆነውን ስለሚያውቅ ነው። የኔ እጅ የሚያውቀው ያንኑ አንዱን ጊታር ብቻ ነበር። የሚያወዳድርበት የሌለው ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ይወስዳል። «ለጀማሪ ይበቃል» ማለት እንግዲህ «ስህተቱን ሊያውቅ የማይችለው ሰው ይበቃዋል» ማለት ነው።

*

ጊታር ምሥጢር የለውም፤ በስሌት የተሠራ ዕቃ ነው። አንድ ክላሲክ ጊታር ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፃ ሆኖ የሚርገበገብበት ርዝመት ብዙውን ጊዜ 650 ሚሊሜትር ነው። አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች፣ ፍሬቶቹ፣ የተተከሉት በግምት አይደለም። አንድ ፍሬት ወደፊት በሄዳችሁ ቁጥር የቀረው ርዝመት ለ1.0595 ይካፈላል። ይህን አሥራ ሁለት ጊዜ ስታደርጉት በትክክል ግማሽ ላይ፣ 325 ሚሊሜትር ላይ ትደርሳላችሁ፤ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል።

ስሌቱ ልክ የሚሆነው ግን ክሩ ለፍሬቱ ሲቀርብ ነው። ክሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ለመጫን ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ የኔ አንጓ የታመመው በዚህ ነው። ሁለተኛውን ማንም አይነግራችሁም፦ ወደታች ስትጫኑት ክሩ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ክር ደግሞ ድምፁ ከልኩ ይሾላል። ስለዚህ ጊታሩን ስትቃኙት ልክ ነው፣ ስትጫወቱበት ግን ይዋሻል። እኔ «ጆሮ የለኝም» ብዬ የደመደምኩት ጆሮዬ በትክክል ሲሠራ ነበር። የሰማሁት ስህተት እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ስልካችሁንና ጥቂት የኤቲኤም ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ካርድ 0.76 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ሦስት ካርድ ደርባችሁ 12ኛው ፍሬት ብረት ላይ አስቀምጡና በወፍራሙ ክር ሥር አሾልኩት። የብረት ክር ባለው ጊታር ሦስቱ ካርዶች ክሩን ለኮፍ አድርገው ካለፉ ቁመቱ ጥሩ ነው። አምስት ካርድ ዘና ብሎ ካለፈ ሻጩ ምንም ይበላችሁ ምን መልሱት፣ ወይም እንዲያስተካክል ጠይቁት። የናይለን ክር ያለው ጊታር ትንሽ ከፍ ቢል ጤነኛ ነው፤ እዚያ አራትና አምስት ካርድ ያስኬዳል።

ቀጥሎ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ወረቀት ያህል ስስ መሆን አለበት። ካርድ ከገባ፣ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባት ቁራጭ ከፍ ብላለች ማለት ነው፤ ኤፍም አይያዝላችሁም። ከዚያ በነፃ የሚገኝ መቃኛ አፕ ከፍታችሁ አንዱን ክር ባዶውን ምቱ፣ ያንኑ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱም ጊዜ መርፌው መሃል ላይ መቆም አለበት። በመጨረሻ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ አሰሙት። ጊዜ ይፈጃል፣ ሻጩም ይሰለቻል። ይሰልች። አራት ዓመት ከመሰልቸት አሥር ደቂቃ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ በዓይኔ ስላየሁት ነው። የናይለን ክር ጊታር ላይ «ድምፁ ይጮህ» ብላችሁ የብረት ክር አትወጥሩ። ናይለኑ ስድስቱ ተደምሮ 40 ኪሎ ገደማ ይስባል፤ ብረቱ 70 ኪሎ ያልፋል። እንጨቱ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ከታች ያለው ብሪጅ ይነቀላል፣ አንገቱም እንደ ቀስት ይጎብጣል።

*

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ጊታር መማር እፈልጋለሁ ስትል አጎቴ በአንድ ትንፋሽ ሦስቱንም ዘረገፋቸው።

«መጀመሪያ በርካሽ ትሞክር፤ ካልወደደችውስ? ገንዘቡ መባከኑ ነው።» ብር እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ጊታርም ጭምር፣ አብሮ ወጥቷል። እኔ ግን ውድ ግዙ አላልኩም። ልክ የሆነ ግዙ ነው ያልኩት። በደንብ የተስተካከለ አሮጌ ጊታር ካልተስተካከለ አዲስ ጊታር ይበልጣል። ደግሞስ እህቴ ባትወደው ደህናውን ጊታር የሚገዛ አይጠፋም። የማይሸጠው መጥፎው ነው፤ ለዚህ እኮ ነው በየሳሎኑ ቆሞ የቀረው። ገንዘብ ማባከን ከተባለ ያ ነው።

«ተሰጥኦ ያለው በምንም ይጫወታል፤ እኛ ልጅ ሆነን ከጣሳና ከሽቦ ክራር ሠርተን እንጫወት ነበር።» ይህ ልብ የሚነካ ክርክር ነው፤ እኔም የጣሳ ክራር ሠርቻለሁ። ግን ክራርን እዩት። አንገት የለውም፣ ፍሬት የለውም። አውታሩን ወደ ምንም ነገር አትጫኑትም፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ የሚሰቀልበት መንገድ የለም። ድምፁ ካልጣመ ራሳችሁ ጠምዝዛችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የጣሳ ክራር የሠራ ልጅ የመሣሪያውን ጉድለት በጣቱ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም እሱው ነው የሠራው። ፋብሪካ የዘጋውን ስህተት ተሸክሞ የሚታገል ልጅ ሌላ ነው። እንዲያውም ከአጎቴ ክርክር የምወስደው ምክር አለ፦ ብራችሁ ለደህና ጊታር ካልደረሰ ደህና ክራር ግዙ። እዚሁ ይሠራል፣ ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ስማቸውን የተከሉት ክራር ይዘው ነው። መጥፎ ጊታር ከጥሩ ክራር የሚበልጥበት አንድም መንገድ አይታየኝም፣ ፎቶ ላይ ካልሆነ በቀር።

ተሰጥኦ ስለሚሉት ደግሞ፦ በመጥፎ ዕቃ ጀምረው የተሳካላቸውን ሰዎች ቃለ መጠይቅ ላይ እንሰማቸዋለን። ያልተሳካላቸውን ማንም ማይክ አይሰጣቸውም። ቤታቸው ነው ያሉት፣ ቡና እያፈሉ።

«ድሮ ማን አስተካክሎላቸው? ግን እነዚያ ናቸው ሙዚቃ የሠሩት።» እዚህ ላይ አጎቴ ታሪኩን ገልብጦታል። ድሮ የሚባለው ዘመን በ«ይበቃል» አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ሲያመጡ ያመጡት ሙዚቃ የተማረ ባንድ ነው፤ የሚያሠለጥናቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል ሙዚቀኛ ነበር። በኋላ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የዘፈኑበት የክቡር ዘበኛ ባንድ፣ የፖሊስ ሠራዊት ባንድ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሁሉም ተቋማት ነበሩ። መሣሪያው የተቋሙ ነው፣ የሚያሠለጥን አለ፣ ልምምዱ ሥራ ነው። ዛሬ የሰሚት ልጅ ብቻውን፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በራሱ ብር፣ ማንም ባልፈተሸው እንጨት ይጀምርና ካልቻለ «የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም» ይባላል። እነሱን ያን ያህል ያደረሳቸው ትዕግሥት ብቻ አልነበረም።

አንድ ነገር ላይ ግን አጎቴን አልቃወምም። ጊታሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ ያማል፤ እስኪጠነክር መታገሥ ግድ ነው። ልምምድን የሚተካ ዕቃ የለም። እኔ የምለው ትዕግሥታችሁን ለልምምዱ አስቀምጡት፣ ለተጣመመ እንጨት አትጨርሱት ነው።

*

«ለጀማሪ ይበቃል» ዕቃው ላይ ብቻ አያቆምም፤ ትምህርቱም ላይ አለ። ዩቲዩብ ላይም፣ በየሠፈሩ በሚሰጠውም ትምህርት ብዙ ጊዜ ጀማሪ የሚሰጠው ያው አራት ኮርድና አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው። ዘፈኑን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ሲሳሳት በምን ያውቃል? መሣሪያውን የሚያወዳድርበት እንደሌለው ሁሉ ዜማውንም የሚያወዳድርበት የለውም።

ጆሯችን ግን ባዶ አይደለም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ስማቸውን ሳናውቅ በፊት እናውቃቸዋለን፤ ከእናታችን ጓዳ፣ ከታክሲ ሬዲዮ፣ ከሠርግ ድንኳን። ስለዚህ ጊታራችሁን በተለመደው ቅኝት ቃኙና ከዚህ ጀምሩ። ከወፍራሙ ክር ተነሡ፦ ስድስተኛውን ክር ባዶውንና 3ኛ ፍሬት፤ አምስተኛውንም ባዶውንና 3ኛ፤ አራተኛውን ባዶውንና 2ኛ፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ ባዶውንና 2ኛ፤ ሁለተኛውን 1ኛና 3ኛ፤ ቀጭኑን ባዶውንና 3ኛ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ናቸው። አምስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያለው ዶ ነው፤ እሱን ቤት አድርጋችሁ ውጡ፣ ውረዱ፣ ተመለሱ። ትዝታ ሜጀር ይህ ነው። ከሦስት ፍሬት አላለፋችሁም፣ ኤፍም አልያዛችሁም። ስትሳሳቱ ግን ጆሯችሁ ወዲያው ይነግራችኋል፤ መምህር ባይኖራችሁም መምህር አላችሁ። ሚን እና ላን በአንድ ፍሬት ዝቅ ስታደርጉ ደግሞ ትዝታ ማይነር ይመጣል፤ ያኔ ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ጊታር የፈረንጅ ነው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ሰላም ሥዩምን ስማ። ግሩም መዝሙርን ስማ፤ እሱ በመሠረተው አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ውስጥ የአየለ ማሞን ማንዶሊን ስማ። ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነ ራስህ ንገረኝ።

*

ለእህቴ በመጨረሻ አሮጌ ጊታር አገኘንላት፤ ሰውነቱ የተጫረ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ። ጋሼ አብረውን ሄደው በአንድ ዓይናቸው አዩት። እኔ ካርዶቼን አሾለኩ። ባለቤቱ «ይሄ ልጅ ባንክ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለ። ገዛነው።

አሁን ማታ ማታ ከጎን ክፍል ትዝታ ይሰማኛል። ይሰበራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀመራል። አልፎ አልፎ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ግን የምትናደደው በጣቷ ነው፣ በራሷ አይደለም። ነገ ብትተወው እንኳ ሞክራው ስላልወደደችው ትተወዋለች። ያ መብቷ ነው። እኔ ያን መብት አላገኘሁም፤ ሳልሞክረው የሞከርኩት መስሎኝ ነው የቀረሁት።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ነገ ታናሻችሁ፣ የሥራ ባልደረባችሁ፣ የጎረቤት ልጅ መጥቶ «መማር ፈልጌ ነበር፣ የቱን ልግዛ?» ቢላችሁ ያቺን ሁለት ቃል አትበሉት። አብራችሁት ሂዱ። መሄድ ካልቻላችሁ ሦስት የኤቲኤም ካርድ አበድሩት። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ጊታር ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አውጡትና ካርዱን አሾልኩት። «አልሆነልኝም» ያላችሁት ምናልባት እናንተን ላይሆን ይችላል።